በቅሎ ለአህያው ምኑ ናት?

አንድ ጊዜ፣ ጅብ እንደ ልቡ እንዳይበላ በሕግ በተያዘበት ዘመን፣ አባቷን የምትደብቅ አንዲት በቅሎ ነበረች።

አስቀድሜ ሕጉን ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይያዝላችሁም። የዚያ አገር ገዥ አንበሳ ነበር። አያ ጅቦ ያገኘውን ሁሉ እየቦጨቀ አገሩን ባዶ ሊያስቀርበት ሲል አስጠራውና፣ «ስማ፤ ከዛሬ ጀምሮ የምትበላው ቤተሰብ የሌለውን ብቻ ነው» አለው። «አንድ እንስሳ አርጅቶ ወይም ታሞ ጉልበቱ ሲከዳው ወንዝ ዳር ያለው በረት ይገባል። እስከ ቅዳሜ ጀምበር መጥለቂያ ቤተሰቡ መጥቶ ከወሰደው እሰየው። ካልመጣ ያንተ ነው።»

ጅብ መቼም ከሕግ ሁሉ የሚገባው «ያንተ ነው» የሚለው ብቻ ነው። ሆዱን እያሻሸ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «እንዴት ዋልክ» በማለት ፈንታ «ቤተሰብ አለህ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። «አለኝ» ሲሉት ያዝናል። ነገሩን የማያውቁ እንግዶች ግን፣ የዚህ አገር ጅብ እንዴት ያለ ደግ ነው፣ ስለ ሌላው ቤተሰብ እንዲህ ይጨነቃል እያሉ ያልፉ ነበር።

የበረቱ በር ጠባቂ ቀበሮ ናት። ሥራውን ለምና የያዘችው ለሕግ ተቆርቁራ እንዳይመስላችሁ። ጅብ በበላ ቁጥር ጉበቱ የእሷ እንዲሆን አስቀድማ በጆሮው ሹክ ብላዋለች።

አሁን ወደ በቅሎዋ እንምጣ። እናቷ ከፈረሶች ወገን የሆነች መልከ መልካም ባዝራ ነበረች፤ ግን እሷን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ያሳደጋት አባቷ ነው። አባቷ ደግሞ አህያ ነው። ለአንበሳ ቤት ውሃ የሚያመላልስ፣ ጀርባው የገጠበ፣ ከሸክም ሲያርፍ አመድ ላይ ከመንከባለል ሌላ ደስታ የማያውቅ አያ አህዮ። ውርንጭላ ሳለች ወንዝ ሲሻገሩ አባቷ ሁልጊዜ ከላይ በኩል፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ይቆም ነበር። ወንዙ እሱን መትቶ፣ ጎኑ ላይ ጉልበቱን ጨርሶ፣ እሷ ጋ ሲደርስ ለዘብ ይላል። «አባዬ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ አንተ ከላይ የምትሆነው?» ብላ ብትጠይቀው፣ «ከዚህ በኩል ውሃው ይጣፍጣል» አላት። ልጅ ናትና አመነችው። እንዲያውም ስስታም ነው ብላ ትንሽ ተቀየመችው።

አድጋ ቁመናዋ ሲያምር፣ ፀጉሯ ሲያብረቀርቅ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ፈረሶች «ነይ ከእኛ ጋር ዋይ» አሏት። አባቷም «ሂጂ፣ እዚያ ሣሩ ለስላሳ ነው» ብሎ መረቃት። ስትሄድ አባቴን አንድ ቀን አምጥቼ አስተዋውቀዋለሁ ብላ አስባ ነበር፤ ይኼን ልንክዳት አይገባም። ግን እዚያ ስትደርስ የፈረሶቹ አለቃ፣ ጌታው ፈረስ፣ «አባትሽ ማነው?» ሲል ጠየቃት። ዙሪያዋን አየች። የሚወርደውን ጋማ፣ ለምለሙን ሣር፣ ኮርተው የቆሙትን ባዝራዎች አየች። የአባቷ አመድ ትዝ አላት።

«ፈረስ አጎቴ ነው» አለች።

ይኸው፣ እስከ ዛሬ የምንተርትባት በዚህች መልሷ ነው። ግን ተርተን ስንስቅ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖረች ማንም አይጠይቅም። በቅሎ ድምፅዋን ስትለቅ ፈረስ ሆና ጀምራ አህያ ሆና ነው የምትጨርሰው። እናም ፈረሶቹ ተሰብስበው ሲያሽካኩ እሷ አፏን ገጥማ ትስላለች። «ይቺን ልጅ ጉንፋን አይለቃትም» ይላሉ። ረጅም ጆሮዋንም ወደ ኋላ አጣጥፋ፣ አንገቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ይዛው ትውላለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ ብቻ ነው ጆሮዋን የምታሳርፈው። እንዲህ ሆኖ መኖር ያደክማል፤ እሷም ደክሟት ነበር።

አንድ ቀን ቁራ ከመስኩ ዳር ካለው ግራር ላይ አረፈና፣ «ሰማችሁ ወይ? ያ ውሃ አመላላሽ አህያ ዳገቱ ላይ ጉልበቱ ከዳው። በረት ገብቷል። ቅዳሜ የጅብ ነው» አለ። ይኼንኑ ጥሎ በረረ፤ ቁራ መቼም ወሬ ማራገፍ እንጂ አብሮ መቆዘም አይሆንለትም።

ፈረሶቹ «አይ ምስኪን» ብለው ወደ ሣራቸው ተመለሱ። በቅሎ ግን የጎረሰችው ሣር አልዋጥ አላት። «ልሂድ እንጂ» ትልና ትነሳለች፤ «ሄጄስ ምኑ ነኝ ልል ነው?» ትልና ትቆማለች። ስትነሳ ስትቆም ቆይታ በመጨረሻ «እግሬን ላፍታታ» ብላ ወንዙን ተሻገረች።

ቀበሮ በሩ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች። «እንዴት ዋልሽ እመት በቅሎ፤ ምን እግር ጣለሽ?»

«አያ አህዮን ልጠይቃቸው ነበር።»

«ምናቸው ነሽ?»

ጥያቄው በቅሎን ከቤቷ ጀምሮ ሲከተላት ነው የመጣው፤ ከሌላ አፍ ሲወጣ ግን አዲስ ሆነባት።

ቀበሮ ተነስታ ቁጢጥ አለች። «አይዞሽ፣ ላስረዳሽ። ሕጉ በቃል በቃሉ ነው የሚሄደው። ጎረቤት ከሆንሽ ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ እንደምን አሉ ትያቸዋለሽ። ዘመድ ከሆንሽ ገብተሽ ሣር ታቀምሺና ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ትሄጃለሽ። ወገን ከሆንሽ ቅዳሜ ፍርዱ ላይ መጥተሽ ትጮኺላቸዋለሽ፤ ጩኸት አልተከለከለም። ቤተሰብ ከሆንሽ ደግሞ ይዘሻቸው ትወጫለሽ። ታዲያ ወንዙን አሻግረሽ ቤትሽ ማድረስ አለብሽ። መንገድ ላይ ከወደቁብሽ እሳቸውም አንቺም የጅብ ናችሁ።»

ይቺን የመጨረሻዋን ያስጨመረችው ራሷ ቀበሮ ናት። «ቤተሰብ ነኝ ባዩ እንዳይበዛ» ብላ አንበሳን አሳምናው ነው።

«እንግዲህ ምናቸው ነሽ?»

በቅሎ ዞር ብላ አየች። ከወንዙ ማዶ ሁለት ባዝራዎች ውሃ ሊጠጡ ወርደው ወደ እሷ ያያሉ።

«ጎረቤት ነኝ» አለች።

«እንደሱ በይኛ» አለች ቀበሮ ደስ ብሏት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ።»

በቅሎ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። አያ አህዮ ከውስጥ መሬት ላይ ተኝቷል። የጎኑ አጥንት ይቆጠራል፣ ጉልበቱ አብጧል። ሲያያት ሁለት ጆሮው ቀጥ አለ፤ ሊያናፋ አፉን ከፈተ። ከዚያ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ባዝራዎቹን አየና አፉን መልሶ ገጠመው።

«እንደምን አሉ አያ አህዮ?» አለችው።

ልጅ ሆና አንተ ያለችውን፣ አባዬ ያለችውን፣ ሆዱ ሥር ተጠልላ ያደገችበትን አባቷን አንቱ አለችው። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህና ነኝ እመቤቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎስ እንደምን ነዎት?» አላት።

በቅሎ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር እያለች፣ ዓይኗ ውሃ እንደሞላ ወንዙን ተሻግራ ተመለሰች። ሣሩ አሁንም አልዋጥ አላት።

በማግስቱ ከመስኩ ለስላሳ ለስላሳውን ሣር ግጣ፣ በአፏ ሙሉ ይዛ መጣች። ቀበሮ ገና ከሩቅ አይታ ሳቀች። «ዛሬስ ምናቸው ሆነሽ መጣሽ?»

በቅሎ ሣሩን መሬት ላይ አኖረችና፣ «ዘመድ ነኝ። የሩቅ» አለች።

ቀበሮ ዞረቻት። ከኮቴዋ እስከ ጋማዋ አየቻት። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ሲባል እሰማለሁ። አንቺ ላይ ግን አመድ የሚባል አላይም። ይሁን፤ የሩቅ ዘመድ ስትይ በጣም የሩቅ መሆኑ ነው። ግቢ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጠራሻለሁ።»

ገባች። አባቷ ፊት ሣሩን አኖረችለት። አያ አህዮ በአፍንጫው ገለጥ ገለጥ አደረገና ደረቅ ደረቁን አገዳ ለይቶ መብላት ጀመረ፤ ለስላሳውን በአፉ እየገፋ ወደ እሷ መለሰው። «ብይ» አላት። ድሮም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አስቦበት ያደረገው አይመስልም፤ አፉ የለመደው ነው።

«ለአንተ ነው ያመጣሁት አባዬ» አለች በሹክሹክታ።

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።» ወደ በሩ አየ። «አትመላለሺ ልጄ። እዚያ ተመችቶሽ የለም እንዴ? እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ።»

«ቅዳሜ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። አያ ጅቦ ጠዋት መጥቶ ቤተሰብ አለህ ብሎኛል።»

«ምን አልከው?»

«ተወው አልኩት» አለ።

በቅሎ አንገቷን አንገቱ ላይ ልትጥል ፈለገች። ፀጉሩ አመድ በአመድ ነው። ሳትወስን ቀበሮ ከበሩ «የሩቅ ዘመድ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች» ብላ ተጣራች። ወጣች። ስለዚህች አንዲት ማመንታቷ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ አደረች።

ቅዳሜ ሆነ። አንበሳ ከበረቱ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ፈረሶቹ በአንድ በኩል ተሰልፈው ቆመዋል፤ በቅሎም መካከላቸው ጆሮዋን አጣጥፋ ቆማለች። አህዮች በሌላ በኩል ግር ብለው መጥተዋል። አያ ጅቦ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ሆዱን ባዶ አድርጎ ነው የመጣው። አያ አህዮን ወደ መሃል አወጡት። ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«የዚህ አህያ ቤተሰብ ማነው?» አለ አንበሳ።

አህዮቹ አገሩን በጩኸት አናጉት። «ወገናችን ነው! ወገናችን ተበደለ!» መሬቱን ይመታሉ፣ ያለቅሳሉ። ለቅሷቸው የእውነት ነው፤ ሐሰት ነው ብዬ አላማቸውም።

«እሺ፣ ከእናንተ ማን ይወስደዋል?»

ጩኸቱ ቀጥ አለ። አንዱ «እኔ እንኳ ልጆቼ ትንንሽ ናቸው» አለ። አንዷ «የእኔ ቤት ዳገት ነው» አለች። ሌላው ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ኮቴውን አየ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአህያ ወገንም እንደዚያው ሆነ። ከዚያም ማንም የሚወስደው እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ እንደገና «ወገናችን!» እያሉ ይጮሁ ጀመር።

አያ ጅቦ ትዕግሥቱ አለቀ። ወደ መሃል ወጣና፣ «ጌታዬ፣ ይኼን ያህል የሚያከራክር ከሆነ እኔ አለሁ አይደል? እኔም እኮ ዘመዱ ነኝ» አለ።

«አንተ የአህያ ዘመድ ነህ?»

«ከአያት ጀምሮ እንተዋወቃለን። አያቴ የእሱን አያት በደንብ ያውቀው ነበር።»

«እንዴት ያውቀዋል?»

«በልቶታል» አለ ጅብ።

አንበሳ ጢሙን ነቀነቀ። ቀበሮ ጅብን በክርኗ ጎሰም አድርጋ ወደ ኋላ መለሰችው። ፀሐይ ወደ ተራራው ጫፍ ተጠጋች። አንበሳ ሊፈርድ ጉሮሮውን ጠረገ።

በቅሎ ያን ሁሉ ጊዜ ፀሐይዋን ነው የምታየው። እግሯ መሬት ላይ የተተከለ ይመስላታል። ጎረቤት ብዬ ሰላም አልኩት፣ ዘመድ ብዬ ሣር አበላሁት፣ አሁን ደግሞ ከነዚህ ጋር ቆሜ ሲበላ ላየው ነው አለች በልቧ። እፍረቱ ከሌላው እፍረት ሁሉ በለጠባት። ከፈረሶቹ ሰልፍ ወጣች።

«ጌታዬ፣ እኔ እወስደዋለሁ።»

ቀበሮ እንደ እሳት ብልጭ ብላ ተነሳች። «ጌታችን፣ ይቺ በፊት መጥታ ጎረቤት ነኝ አለች። በማግስቱ የሩቅ ዘመድ ነኝ አለች። አሁን ደግሞ ምን ልትሆን ነው?»

«ልጁ ነኝ» አለች በቅሎ።

አንበሳ ወደ አያ አህዮ ዞረ። «እውነት ነው? ልጅህ ናት?»

አያ አህዮ አቀርቅሮ ነበር፤ ቀና አለ። የሚያብረቀርቀውን ፀጉሯን አየ። ከኋላዋ የቆሙትን ፈረሶች አየ። ለስላሳውን ሣር አሰበ፤ መንገድ ላይ ቢወድቅ እሷም ከእሱ ጋር እንደምትቀር አሰበ።

«አላውቃትም ጌታዬ» አለ። «እንዲህ ያለች እመቤት ከእኔ ልትወለድ? አዝናልኝ ነው። ሆደ ቡቡ ናት መሰለኝ። ይመልሷት።»

አያ አህዮ በዕድሜው የዋሸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው ውሃው ከላይ በኩል ይጣፍጣል ያለ ዕለት ነው። ሁለተኛው ይኸው።

«በቃ» አለች ቀበሮ፣ «ባለቤቱ ካደ። ሌላ ምስክር የላትም።» አያ ጅቦም ብድግ አለ።

በቅሎ ምስክር ፈልጋ ዙሪያዋን አየች። አልነበራትም። እንግዲህ ያላት አንድ ነገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በሳል አፍና የኖረችው። አፏን ከፈተችና ለቀቀችው።

ሲጀምር የፈረስ ማሽካካት ነበር፤ ፈረሶቹ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። መሃል ላይ ግን ተሰበረና፣ ረጅም፣ እንባ ያለበት፣ ተራራውን የሚያስተጋባ የአህያ ማናፋት ሆነ። ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆመ። አህያ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ሲያናፋ ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ከገዛ ልጁ አፍ ሲሰማማ እንዴት ይቻለው። አያ አህዮ ጥርሱን ነከሰ። ሆዱ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮው ተርገበገበ። እምቢ አለው። አናፋ። የእሱም ድምፅ መሃል ላይ፣ የእሷ በተሰበረበት በዚያው ቦታ ተሰበረ።

ሁለቱ ሲጨርሱ አህዮቹ እንኳ መጮኽ ረሱ።

አንበሳ ብዙ አላሰበም። «ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም» አለ። «ግን ልጄ፣ የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። ሕጉን ሰምተሻል። ጀምበሯ ሳትጠልቅ ወንዙን ተሻገሩ።»

በቅሎ አባቷ አጠገብ ሄዳ ትከሻዋን ከሥሩ አስገባች። አመዱ ሙሉ ጎኗ ላይ ተገለበጠ። አልፎም ጋማዋ ላይ በነነ። ቀበሮ ታያት እንደሆነ ዞር ብላ አላየችም።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አላት አባቷ እየተራመደ።

«አንተ ለምን ካድከኝ?»

ተደጋግፈው ሄዱ።

አያ ጅቦ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። «ደከመዎት አያ አህዮ?» ይላል በታላቅ ርኅራኄ። «ትንሽ ጋደም ቢሉስ? እዚህች ጋ ጥላ አለ። ለጉልበት ጥሩ ነው።»

«አያ ጅቦ፣ ራት ሌላ ቦታ ፈልግ» አለችው በቅሎ።

ወንዙ ጋ ደረሱ። ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው ደፍርሶ ይጋልባል። አያ አህዮ ምንም ሳይናገር፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ዞሮ ወደ ላይ በኩል ሄዶ ቆመ። መቆም አቅቶት ሳለ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ለእሷ ሊከልልላት ነው። በቅሎ አየችው። ልጅ ሳለች የተቀየመችውን አስታወሰች፤ ያን ጊዜ ያልገባት አሁን ገባትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አባዬ፣ ና ወዲህ። ዛሬ ከላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«ውሃው እኮ ከዚህ በኩል...»

«አውቃለሁ። ይጣፍጣል።»

አያ አህዮ ውሸቱ ተያዘበት። እንደ ልጅ አፍሮ ወደ ታች በኩል ዞረ፤ ልጁ ከላይ ቆመች፣ ገቡ። ወንዙ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ጎኗን መታት። ይኼን ነበር ለዓመታት ሲችለው የኖረው አለች። መሃል ላይ የአያ አህዮ ጉልበት ታጠፈ፤ ውሃው እስከ አንገቱ ደረሰ። ከኋላ ጅብ በደስታ ዘለለ። በቅሎ ጥርሷን ነክሳ፣ አራቱንም እግሯን በድንጋዮቹ መሃል ተክላ፣ በደረቷ ደግፋ ያዘችው። «ተነስ አባዬ። በእኔ ላይ ተነስ።» ተነሳ። ጀምበሯ ተራራው ላይ ግማሿ ቀርቶ ሳለ ማዶ ወጡ።

አያ ጅቦ ከወዲህ ዳር ቆሞ ቀረ። ሆዱ ይጮሃል። ሁለቱ ማዶ ተጠጋግተው ውሃቸውን ሲያራግፉ ብዙ አያቸው። መቼም ሐሳብ ወደ እሱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ግን ያን ዕለት መጣለት።

«ቀበሮ» አለ፣ ተከትላው መጥታ አጠገቡ ወደ ቆመችው ዞሮ።

«አቤት።»

«እኔም አንድ ቀን አረጃለሁ አይደል? ጉልበቴ ሲከዳኝ እኔም በረት እገባለሁ?»

«ሕግ ነው።»

«ያን ጊዜ አንቺ ምኔ ነሽ?»

ቀበሮ ወንዙን አየች፣ ጅብን አየች፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። «ጎረቤትህ» አለችው።

ጅብ አንገቱን ደፋ። ለጅብ አዘንኩ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ግን አዘንኩለት።

ማዶ ፈረሶቹ አቋርጠው ቀድመው ደርሰው ነበር። በቅሎ አመድና ጭቃ ሆና፣ አባቷን ደግፋ፣ ፊታቸው ቆመች። ጆሮዋን ልታጥፍ አሰበች፤ ተወችው። ሁለት ሦስት ባዝራዎች ፊታቸውን አዞሩ። ጌታው ፈረስ ግን ወደፊት መጣ።

«መጀመሪያ የመጣሽ ዕለት አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር» አላት። «አሁንም ልጠይቅሽ። አባትሽ ማነው?»

«ይኸው» አለች በቅሎ። «አባቴ ይኼ ነው።»

ጌታው ፈረስ ራሱን ነቀነቀ። «ያን ጊዜም እናውቅ ነበር እኮ። ያንን የሚያህል ጆሮ ምን ያህል ብታጥፊው የሚደበቅ መስሎሽ ነው? ነግረሽን እናመጣዋለን ብለን ጠበቅን፤ አንቺ ስትስይ ጊዜ ዝም አልን።» ከዚያ ወደ አያ አህዮ ዞሮ አንገቱን ዝቅ አደረገ። «አያ አህዮ፣ ከተቃጠለው ዋርካ ሥር ብዙ አመድ አለ። እኛ አንፈልገውም። እንደ ልብዎ ይንከባለሉበት።»

አያ አህዮ በልጁ ተደግፎ ወደ አመዱ ሄደ። የበቅሎም ጉንፋን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቀቃት።

ከዚህ የምንማረው፣ ጎረቤት ሰላም ሊለን፣ ዘመድ ሊያቀምሰን፣ ወገንም ሊጮህልን እንደሚችል፣ ቤተሰባችን ግን ወንዙን ስንሻገር ውሃው በሚመጣበት በኩል የሚቆምልን መሆኑንና፣ እሱንም ጀምበር ሳትጠልቅ «የኔ ነው» ብለን በሰው ፊት መጥራት እንደሚገባን ነው።